ሰፈሩ መብራት የሚፈልገው ስንት ሰዓት ላይ ነው? የደንበኞችን አጠቃቀም ለማጥናት የትኛውን መንገድ እንምረጥ

ሁለት ቆጣሪዎችን እናስብ። ሁለቱም ፒያሳ ናቸው፤ ሁለቱም መብራት የሚያገኙት ከአንድ ትራንስፎርመር ነው። አንዱ የሱቅ፣ ሌላው የመኖሪያ ቤት። የወሩ ቢል ሲመጣ ሁለቱም ላይ 300 ኪሎ ዋት ሰዓት ተጽፏል። ሱቁ ሁለት ፍሪጅና መብራት ይዞ ከጠዋት እስከ ማታ ከ1 ኪሎ ዋት ሳይበልጥ ይውላል። ቤቱ ግን ብዙውን ሰዓት ዝም ይላል። ቅዳሜ ጠዋት ምጣዱ፣ ስቶቩና የውሃ ማሞቂያው አንድ ላይ ሲበሩ 6 ኪሎ ዋት ይስባል። ትራንስፎርመሩን የሚያስጨንቀው እሱ ነው። ቢሉ ላይ ግን ይህ አይታይም።

የደንበኛን አጠቃቀም ማጥናት የሚባለው ሥራ ይህን ልዩነት ፍለጋ ነው። ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ሳይሆን መቼ፣ ከነማን ጋር አብሮ፣ ለምን። በኤሌክትሪክ አገልግሎት ዲስትሪክት ደረጃ ለሚሠራ መሐንዲስም ሆነ አምስት ኪሎ ካምፓስ የመመረቂያ ጽሑፉን ለሚያዘጋጅ ተማሪ መንገዱ አንድ አይደለም። ዋጋቸውም፣ የሚመልሱት ጥያቄም ይለያያል። እኔ አብዛኞቹን በመሀል አዲስ አበባ ሰፈሮች ሞክሬያለሁ። ያየሁትን ላካፍል።

አስቀድማችሁ ግን ጥያቄያችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። «ይህ ትራንስፎርመር ይበቃል ወይስ ይቀየር?» አንድ ጥያቄ ነው። «ታሪፉ ለየትኛው ደንበኛ ይከብዳል?» ሌላ ነው። «መብራት ሳይቆራረጥ ቢመጣ ሰዉ ስንት ይጠቀም ነበር?» ደግሞ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ሎገር (አጠቃቀምን በየተወሰነ ደቂቃው የሚመዘግብ መሣሪያ) ገዝቶ ጥያቄ ፍለጋ የሄደ ሰው ብዙ ቁጥር ይዞ ይመለሳል፤ መልስ ግን አይዝም።

የቢል መዝገብ

ከዚህ ጀምሩ። ነፃ ነው፣ ሁሉንም ደንበኛ ይዟል፣ ዓመታትን ወደ ኋላ ያሳያል። ለታሪፍ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ የለም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ከ2011 ዓ.ም. ማሻሻያ ወዲህ እስከ 50፣ ከ51 እስከ 100፣ ከ101 እስከ 200 ኪሎ ዋት ሰዓት እያለ በእርከን የተከፈለ ስለሆነ፣ ስንት ደንበኛ የትኛው እርከን ላይ እንዳለ ከቢሉ ወዲያው ይወጣል።

ችግሩ በዓመት 12 ቁጥር ብቻ መስጠቱ ነው። በየ15 ደቂቃው የሚመዘግብ ሎገር በዓመት 35,040 ቁጥር ይሰጣል። ከ12ቱም ላይ አንዳንዱ የእውነት ንባብ አይደለም። ቆጣሪ አንባቢው በሩ ተዘግቶ ሲያገኝ በግምት ይሞላል፤ በሚቀጥለው ወር ቁጥሩ ይዘላል። እንዲህ ያለውን ወር ሳታጠሩ አማካይ አታውጡ።

ሌላው በመሀል ከተማ የሚያጋጥመው የጋራ ቆጣሪ ነው። አንድ የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ አራት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ይኖራል። እያንዳንዱ 45 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢጠቀም ቆጣሪው 180 ይላል። መዝገቡ ላይ አንድ ደህና የሚጠቀም ቤት ይመስላል፤ ያሉት ግን አራት ድሃ ቤቶች ናቸው። እስከ 50 ለሚጠቀም ሰው የተያዘው ዝቅተኛ ዋጋም ለእያንዳንዳቸው አይደርስም። ይህን ከቢሮ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ግቢው ድረስ ሄዶ ስንት በር እንዳለ መቁጠር ያስፈልጋል።

ፒያሳን ለሚያጠና ደግሞ አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ብዙ ነዋሪና ነጋዴ ከሰፈሩ ተነስቷል። ቆጣሪዎቹም አብረው ተነሱ። ከዚያ በፊት ያለው የቢል ታሪክ የሌላ ሰፈር ታሪክ ነው፤ ከዛሬው ጋር በአንድ መስመር አትቀጥሉት። ካዛንቺስም እንደዚሁ።

ከዓመታዊ ፍጆታ ተነስቶ ከፍተኛውን ጭነት፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚሳበውን ትልቁን ኃይል፣ የሚገምት፣ በስዊድናዊው ቬላንደር ስም የሚጠራ ቀመር አለ። የዓመቱን ፍጆታ በአንድ ቋሚ ቁጥር ታባዛላችሁ፣ የፍጆታውን ስኩዌር ሩት በሌላ ቋሚ ቁጥር ታባዛላችሁ፣ ሁለቱን ትደምራላችሁ። ቀላልና ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ሁለቱ ቋሚ ቁጥሮች ከአውሮፓ መጽሐፍ ተገልብጠው ከመጡ ምጣድ የሌለበት አገር ቁጥሮች ናቸው። ከራሳችሁ ልኬት አውጧቸው።

የካርድ ቆጣሪ የሽያጭ መዝገብ

አጭር ነው የምለው። የካርድ መዝገብ ሰው መቼ እንደገዛ ይናገራል፤ መቼ እንደተጠቀመ አይናገርም። ደመወዝ ሲወጣ ሁሉም ይሞላል። ካርዱ አልቆ ቤቱ ለሁለት ቀን ጨለማ ሆኖ እንደሆነ ለማየት ግን ጥሩ ምልክት ይሰጣል። የገንዘብ እጥረትን ለሚያጠና ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የማከፋፈያ ጣቢያ መዝገብ

ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ ተረኛው ኦፕሬተር በየሰዓቱ የእያንዳንዱን መስመር ጭነት ይመዘግባል። በቀን 24 ቁጥር ነው። የ15 ኪሎ ቮልት መስመሩን አጠቃላይ ቅርጽ በደንብ ያሳያል፦ የጠዋቱን መነሳት፣ የቀኑን ሜዳ፣ የምሽቱን ጫፍ። የመርካቶ መስመር ቀን ላይ ሲሞላና ሱቅ ሲዘጋ ሲወርድ፣ የመኖሪያ ሰፈር መስመር ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ሲወጣ በዓይን ይለያል።

ማን እንደተጠቀመ ግን አይነግራችሁም። ሌላም ወጥመድ አለ። አንድ መስመር ሲበላሽ ጭነቱ በሌላ መስመር በኩል እንዲሄድ ይደረጋል። ያን ቀን ጤነኛው መስመር በድንገት ይዘላል። ይህን ጭማሪ የደንበኛ ፍላጎት አድርጎ የወሰደ ጥናት አይቻለሁ። ኦፕሬተሩን ቡና ጋብዛችሁ ጠይቁት። መዝገቡ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ የጻፋት አንዲት መስመር ሙሉ ወር ታድናለች።

ትራንስፎርመር ላይ የሚገጠም ሎገር

ምርጫው ለእኔ ቢተው ገንዘቡን እዚህ አውለው ነበር። አንድ ሎገር፣ ሦስት ክላምፕ (ሽቦውን ከውጭ አቅፎ የሚለካ መቆንጠጫ) ለሦስቱ ፌዝ (ኃይል ለሚያመጡት ሽቦዎች)፣ አንድ ለኒውትራል (ለመመለሻው ሽቦ)። ከመቶ በላይ ቤት የሚመግብ ትራንስፎርመር ላይ አንድ ቀን አስገጥማችሁ ወር ታስቀምጡታላችሁ። አንድ ቤት ሳታንኳኩ የሰፈሩን ትንፋሽ ትሰማላችሁ።

ጥቅሙ የሚጎላው አንድ የተለመደ ስህተት ስለሚያርም ነው። ሰው ትራንስፎርመር ሲመርጥ የቤቶቹን ከፍተኛ ጭነት ዝም ብሎ ይደምራል። 100 ቤት፣ እያንዳንዱ በራሱ ጫፍ 5 ኪሎ ዋት፣ ድምሩ 500። እውነቱ ግን ሁሉም በአንድ ደቂቃ አይጋግርም። ቤቶቹ በበዙ ቁጥር የመገጣጠማቸው መጠን ይወርዳል። ለዚህ የሚሠራበት አንድ ቀላል ቀመር አለ፦ በጣም ብዙ ቤት ሲሆን የሚቀረውን መጠን እንያዝ፣ ለምሳሌ 0.2። ከ1 የጎደለውን፣ ማለትም 0.8ን፣ ለቤቶቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት እናካፍልና 0.2 ላይ እንደምር። ለ100 ቤት 0.28 ይሆናል። 500 በ0.28 ሲባዛ 140 ኪሎ ዋት ነው። 200 ኪሎ ቮልት አምፔር አቅም ያለው ትራንስፎርመር ይችለዋል።

አሁን የፋሲካን ዋዜማ አስቡ። ሁሉም ቤት ሽንኩርት ያቁላላል፣ ዳቦ ይደፋል፣ እንጀራው ከማለቁ በፊት ይጋገራል። ያ 0.2 ወደ 0.4 ወጣ እንበል። ለ100 ቤት 0.46 ይሆናል፤ ጭነቱም 230 ኪሎ ዋት። ያው ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ሆነ። ሰዉ «በዓል ሲመጣ መብራት ይጠፋል» የሚለው ነገር ከኋላው ያለው ሒሳብ ይህ ነው። እነዚህ የምሳሌ ቁጥሮች ናቸው። የእናንተን ሰፈር ቁጥር የሚሰጠው ሎገሩ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ልኬታችሁ ቢያንስ አንድ በዓል ይግባበት።

ፌዞቹን ለየብቻ ተመልከቱ። መሀል ከተማ ላይ አዲስ ደንበኛ ሲቀጠል ብዙ ጊዜ ለምሰሶው የቀረበው ፌዝ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ድምሩ ደህና ሆኖ አንዱ ፌዝ ግን ተጨንቆ ታገኙታላችሁ። አንድ ጊዜ አቢነት አካባቢ ትራንስፎርመር ይቀየር ተብሎ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሎገሩ የነገረን አንዱ ፌዝ ከሌሎቹ እጥፍ ገደማ መሸከሙን ነው። ጥቂት ቤቶች ወደ ሌላ ፌዝ ዞሩና ነገሩ ጋብ አለ።

ሎገሩን ራሳችሁ አትግጠሙ። ሥራው በቀጥታ ኃይል ባለበት መስመር ላይ ነው። ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ተቋሙ ፈቃድና ከተቋሙ ቴክኒሽያን ጋር ብቻ።

በየቤቱ የሚገጠም ሎገር

የአንድን የደንበኛ ክፍል ባሕርይ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ለምሳሌ ምጣድ ያለው ቤት ከሌለው በምን ይለያል ካላችሁ፣ ትራንስፎርመሩ አይበቃም። ናሙና ቤቶች ውስጥ መግባት አለባችሁ። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ቤት?» ነው።

አሜሪካ በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን ሕግ ተከትሎ የመጣው የጭነት ጥናት ደንብ በ90 በመቶ እርግጠኝነት ከ10 በመቶ ያልበለጠ ስህተት ይጠይቅ ነበር። ብዙ አገር እስካሁን ይህን እንደ መለኪያ ይወስዳል። በዚህ ስሌት በቤቶቹ መካከል ያለው መለያየት የአማካዩ 0.6 ከሆነ ወደ 97 ቤት ያስፈልጋል። መለያየቱ ከአማካዩ ጋር እኩል ከሆነ ግን 271። ብዙ ነው። ስህተቱ 20 በመቶ ይሁን ብትሉ ናሙናው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 97ቱ 25 ይሆናሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ይህ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስህተቱን በግልጽ እስከጻፋችሁ ድረስ።

ቤቶቹን በዕጣ ከማውጣታችሁ በፊት በቢል መጠን መድቧቸው። ትንሽ ተጠቃሚ፣ መካከለኛ፣ ብዙ ተጠቃሚ። ከዚያ ብዙ ልዩነት ካለበት ምድብ ብዙ ቤት ውሰዱ። ትልልቆቹን፣ ሆቴሉን፣ የመርካቶን የገበያ ሕንፃ፣ ሆስፒታሉን በዕጣ አታውጡ። ጥቂት ስለሆኑ ሁሉንም ለኩ።

ጎረቤቱ ፈቃደኛ ስለሆነ ብቻ ቤት መምረጥ ትልቁ ፈተና ነው። በር የሚከፍትላችሁ ቀን ቤት የሚውል ሰው ነው። የእሱ ቤት ጭነት ከሠራተኛው ቤት ጭነት ይለያል። ሊዴታ ኮንዶሚኒየም ላይ ቀን ቀን ስናንኳኳ ያገኘነው በብዛት አያቶችንና ሞግዚቶችን ነበር። ሥራውን ወደ ምሽትና ወደ እሑድ ስናዞረው ነው ናሙናው የተስተካከለው።

ደግሞም ምስጢር አለ። የ15 ደቂቃ መዝገብ ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት ይናገራል። ስም ከቁጥሩ ጋር በአንድ ፋይል አታስቀምጡ።

መጠይቅ

መጠይቅ ርካሽ ነው፤ ሎገር የማይነግራችሁንም ይነግራችኋል። ለምን። ደቡብ አፍሪካ ከ1994 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ባካሄደችው የመኖሪያ ቤቶች የጭነት ጥናት ሁለቱን አጣምራ ነበር። በየ5 ደቂቃው የሚመዘግብ መሣሪያ በአንድ በኩል፣ ስለ ገቢ፣ ስለ ቤቱና ስለ ዕቃው የሚጠይቅ ዳሰሳ በሌላ በኩል። ለእኛም የሚስማማው እንዲህ ያለው ቅንጅት ይመስለኛል።

ብቻውን ሲሆን ግን ይሳሳታል። ሰው ምጣዱን ያስታውሳል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያሞቀውን የውሃ ማሞቂያ ይረሳል። ሰዓቱም አለ። አንድ ጊዜ የመጠይቅ መረጃ ተሞልቶ መጣልኝ። ግራፉን ሳወጣ የሰፈሩ ጫፍ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ታየ። ሁለት ቀን ምክንያቱን ፈለግሁ። መረጃውን ያስገባችው ልጅ «ከምሽቱ 1 ሰዓት» የሚለውን 01:00 ብላ ሞልታዋለች። መሆን የነበረበት 19:00 ነው። ስህተቱ የእሷ አልነበረም፤ ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ የሰዓቱን አቆጣጠር አልጻፍኩበትም። ከዚያ ወዲህ ቅጼ ላይ ሰዓቱ ተዘርዝሮ «ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ምሽት፣ ሌሊት» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። የቀን አቆጣጠሩም ያው ነው። ሎገሩ በፈረንጆቹ ይመዘግባል፤ ሰዉ በእኛ ይናገራል። ጳጉሜን አትርሱ።

ስማርት ቆጣሪ

ከሁሉም የሚያምረው ይህ ነው። ሁሉንም ደንበኛ፣ በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃው፣ ከርቀት። አየርላንድ በ2009 እና 2010 እ.ኤ.አ. ከ5,000 በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ላይ ሞክራ ታሪፍ በሰዓት ቢለያይ ሰው ይለወጣል ወይ የሚለውን መርምራለች። ተቋሙ እንዲህ ያለውን ቆጣሪ ለትልልቅ ደንበኞች ካስገባ፣ መረጃውን ጠይቁ፤ በእጅ ያለ ሀብት ነው።

ለአንድ ሰፈር ጥናት ሲባል ግን ስማርት ቆጣሪ አይገጠምም። ቆጣሪው ብቻ አይደለም፤ የግንኙነት መስመሩ፣ ሰርቨሩ፣ የሚጠብቀው ሰው አለ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ መረጃውም ይቆራረጣል። «ስማርት ቆጣሪ እስኪመጣ እንጠብቅ» የሚል ሰው ካለ አትስሙት። አራት ሎገር በእጃችሁ ካለ ዛሬ መጀመር ይቻላል።

ያልተለካው ፍላጎት

ከላይ ያሉት መንገዶች ሁሉ የጋራ ጉድለት አላቸው። የሚለኩት የደረሰውን ነው፤ የተፈለገውን አይደለም። መብራት በጠፋበት ሰዓት ቁጥሩ ዜሮ ነው። ዜሮ ማለት ግን ማንም አልፈለገም ማለት አይደለም። መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ፍሪጁም፣ ማሞቂያውም፣ ምጣዱም አንድ ላይ ይነሳሉ። ያ ጫፍም የተለመደው ቀን ጫፍ አይደለም። የመጥፊያውንም የመመለሻውንም ሰዓት ለዩና ለብቻ አስቀምጡ።

ከመጥፋቱ የበለጠ የሚደበቀው የቮልቴጅ መውረድ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ሶኬቱ ላይ 180 ቮልት አነበብኩ። ምጣዱ አጠገብ የቆሙትን እናት «እትዬ፣ ጨረሱ?» አልኳቸው።

«ኧረ ምን ጨርሼ ልጄ! ኃይሉ ደክሟል። ዓይን እንኳ አላወጣ አለኝ። ሌላ ቀን ይሄኔ ጋግሬ፣ ቡናዬን አፍልቼ ነበር።»

አባባላቸው በቁጥር ልክ ነው። ምጣድ የሚስበው ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ይሄዳል። ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የሚቀረው ሁለት ሦስተኛው ነው። 3.5 ኪሎ ዋት የነበረው ምጣድ 2.3 ገደማ ይሆናል። ጋገራው ይረዝማል። ሎገሩ የሚያየው ዝቅ ያለና ረጅም ጭነት ነው። አምፔሩን ብቻ የሚያይ ሰው «ይህ ሰፈር ብዙም አይጠቀምም» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ቮልቴጅ የማይመዘግብ ሎገር አትግዙ፤ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

እኚሁ እናት ሌላም ነገር ነገሩኝ። አንዳንድ ሳምንት ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው ነው የሚጋግሩት፤ ያኔ ምጣዱ ቶሎ ይግላል። መዝገቡ ላይ ይህ የሌሊት አጠቃቀም ይመስላል። እውነቱ ግን እንቅልፋቸውን ከፍለው የገዙት ቮልቴጅ ነው። ይህን ሎገሩ አይናገርም፤ እሳቸው ናቸው የተናገሩት።

እና የትኛውን?

ትራንስፎርመር ስለመቀየር ከሆነ ጥያቄው፦ ቢል፣ ከዚያ የአራት ሳምንት የትራንስፎርመር ሎገር። ቤት መግባት አያስፈልግም። ታሪፍ ከሆነ፦ ቢልና የግቢ ቆጠራ፤ ሎገር ቅንጦት ነው። የወደፊት ፍላጎት ከሆነ ግን ሦስቱም ያስፈልጋሉ፦ የትራንስፎርመር ሎገር፣ ቢያንስ 25 ናሙና ቤት፣ እና መጠይቅ። በተለይ አሁን። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየግቢው እየገባ ነው። አንድ የቤት ቻርጀር 7 ኪሎ ዋት ሊስብ ይችላል፤ የሁለት ምጣድ ያህል ማለት ነው፤ ያውም ለሰዓታት። መጠይቃችሁ ላይ ስለ መኪና የሚጠይቅ መስመር ከሌለ ዛሬ ጨምሩበት።

ጊዜው ከተፈቀደላችሁ ልኬቱን ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምራችሁ ከበዓሉ በኋላ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ጾሙንም፣ ዋዜማውንም፣ ተራውንም ሳምንት ታገኛላችሁ። ሁለተኛ ዙር ካላችሁ ሐምሌ ላይ አድርጉት፤ ብርዱ ሲከፋና ከሰሉ ሲረጥብ ስቶቭ ይበዛል። ሎገሩ ከመገጠሙ በፊት ሰዓቱን ከስልካችሁ ጋር አስተካክሉ፤ ስታወርዱትም እንደገና አመሳክሩና ልዩነቱን በደቂቃ ጻፉት።